ወጪ

የምሠራው ሙሰፋህ ነው፣ ከጀልባ ማራገፊያው ጀርባ፤
ሌሊት ነው ፒካፑ፣ ባሕር የዋለ ብረት ጭኖ የሚገባ።
የመሰርሰሪያ ራስ ነው፤ በጆንያ ተጠቅልሎ፣
ጭቃው ገና ሳይደርቅበት፣ የጉድጓድ ዘይትና ጨው አዝሎ።
ጉልዛር፣ ነጂው፣ ሲያወርድ ያወራል፤ «ይህኛው ሚስት ነበረው፣
ያኛው ገና ልጅ ነው» ይላል፤ ሌሊት ነው፤ የሚቆጣው የለው።
ስንሻው በግፊት ውሃ ያጥበዋል፤ እኔ መብራት አስጠግቼ
ጥርሶቹን አንድ ባንድ እቆጥራለሁ፣ በጣቴ ነካክቼ፤
ያለቀ፣ የተሸረፈ፣ ከነሥሩ የወለቀ፤
ማን ታግሦ እንደቆየ፣ ማን ቶሎ እንደወደቀ።

«ሥራህ ለመሆኑ ምንድነው?» ሲሉኝ ካገር ቤት ደውለው፣
«የጥርስ ሐኪም ነኝ» ብያለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው።
አምና አንድ የሞጣ ጎረቤት፣ መንጋጋው አብጦ፣
ፎቶ ልኮልኛል፣ አፉን እስከ ላንቃው ገልጦ።

ሪግ አሥራ አንድ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ጀልባ ሌሊቱን ይሄዳል፤
በሦስት እግሩ ባሕር ውስጥ ቆሞ፣ በደቂቃ ሒሳብ ይበላል፤
ምሳ ቀርቦ እስኪነሣ፣ የዓመት ደሞዜን ይውጣል።
በመጋቢት፣ ከባሕሩ ወለል ሦስት ሺ ሜትር ወርደው፣
ኖራው ሲያባብላቸው ቆይቶ፣ ባልጩት ላይ ጣላቸው።
ያ ምላጭ ሳይመጣ በፊት፣ ራስ ይላጭበት የነበር ድንጋይ፣
አልማዝ የለበሰ ጥርሳችንን ላጨው፣ ከባሕር በታች፣ ማንም ሳያይ።
በሳምንት አራት ራስ መጣ። ለእያንዳንዱ ራስ መለወጫ
ሦስት ሺ ሜትር ቧንቧ ማውጣት፣ መልሶ መክተት፤
ጉድጓዱ ዝም ብሎ፣ የሒሳቡ ሩጫ።

ኢንጂነር ሳጂቭ ስብሰባ ጠራ። «ወጪ ይቀነስ!» አለ፤
ስንሻው ወዳማርኛ መልሶት፣ ጆሮዬ ሥር ሳቅ አለ፤
«ወጪስ እኔና አንተ ነን፤ ካገራችን የወጣን፣
ዓመት ዓመት ስንቆጥር፣ ገቢ መሆን ያቃተን።»

አንዱ «ይጫኑት» ይላል፣ አንዱ «ውድ ራስ ይገዛ።»
እኔ በኩባያ የያዝኩትን ስብርባሪ ዘረገፍኩት፣
ጠረጴዛው በዘይት እስኪወዛ።
«ሠርቶ ያለቀ ጥርስ» አልኩ፣ «እንደ ወፍጮ መጅ ይልማል፤
ይሄ ግን እንደ ጠርሙስ ነው፤ ደንግጦ የሞተ ይመስላል።
ስታጣድፉት እታች ይዘልላል፤ በዘለለ ቁጥር ይላተማል።
ዙሩን ቀንሱ፤ ክብደቱን ጠበቅ፤ ይንከስ እንጂ አይጨፍር።»
በሪፖርቱ ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም፤ ያለው ቁጥር በቁጥር።

ሙሰለም፣ የሰላላው ቆፋሪ፣ በሬድዮ «እሺ» አለ፣
«የጥርስ ሐኪሙን እንስማ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ?»
ሁለት ቀን ተኩል። አንድ ራስ። ባልጩቱ ዳር እስከ ዳር ተበሳ።
ሲመለስ ጥርሱ እኩል አልቋል፤ አንድም የለው ጠባሳ፤
እንደ ሽማግሌ አፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቆሎ እንዳደቀቀ።
ሳይታጠብ አቀፍኩት፤ የቱታዬ ዘይት እስካሁን አልለቀቀ።

በሰኔ ስሜ በስክሪን ወጣ፣ ከአንድ ፊደል ስሕተት ጋር፤
ከጎኑ የተረፈው ገንዘብ፣ ዜሮው እንደ ዶቃ ክር።
አጨበጨቡ። ኬክ ተቆረሰ።
ከዚያ ፒካፑ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር፣ መጥቶ ተመለሰ።
የሚታጠብ ራስ ጠፋ፤ የውሃው ጎማ ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ
ይውላል፤ ስንሻው ከሥሩ ይቀመጣል፣ ንጹሕ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ።

በሐምሌ ደብዳቤ መጣለት፤ በሁለት ቋንቋ፣ በሁለቱም አጭር።
«አላልኩህም? ወጪው እኔ ነበርኩ» አለ፣ ሳያማርር።
እኔ መልስ ሳጣ እሱ ሳቀ፤
ከላይ በስተግራ አንድ ጥርስ የለውም፤ መቼ እንደወለቀ
አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ባንድ መብራት ሥር፣
እኔ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የብረት ስቆጥር።